ጠፋ ወይስ ተደበቀ? የአይስ ሆኪ ተጫዋች ወቅቱን ሙሉ ብቃቷን የምትጠብቅበት መመሪያ

መስከረም ላይ ሁሉም ተጫዋች ፈጣን ናት። የእረፍቱን ወራት ብረት ስታነሳ፣ ስትሮጥ፣ ብስክሌት ስትረግጥ ከርማለች። የቡድኑ የብቃት ፈተና ይመጣል። ትዘላለች፣ ትሮጣለች፣ ቁጥሯ ይመዘገባል፣ ይጨበጨብላታል። ከዚያ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ጥር ሲደርስ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ያቺው ልጅ ፓኩን (በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ለማሳደድ ስትነሳ እግሯ እንደ ድሮው አይገፋላትም። መሳቢያው ውስጥ ያለው ወረቀት ግን አሁንም «ፈጣን ናት» ይላል።

ዋናዎቹ ጨዋታዎች ያሉት ደግሞ መጋቢት አካባቢ ነው።

ይህ መመሪያ ለእሷ ነው። አሰልጣኝ ከሆናችሁም አብራችሁ አንብቡ። ሐሳቡ አንድ ነው። ቁጥርሽ ሲወርድ ከሁለት አንዱ ሆኗል፤ ወይ ብቃቱ ጠፍቷል፣ ወይ ድካም ሸፍኖታል። የጠፋው በሥራ ይመለሳል። የተደበቀው በእረፍት ይወጣል። ሁለቱን ካምታታሽ የደከመ እግር ላይ ሥራ ትጭኛለሽ፤ ወይም ሥራ የጎደለውን እግር ታሳርፊያለሽ።

ወቅቱ ሰውነት ላይ ምን ይሠራል?

«በሳምንት አምስት ቀን በረዶ ላይ ነኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት ይመስላል። እስቲ ጨዋታውን ጠጋ ብለን እንየው። ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። አንድ ሺፍት፣ ማለትም ገብተሽ እስክትቀየሪ በረዶ ላይ የምትቆዪበት ዙር፣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ ምናምን። በሺፍቱ ውስጥም ቢሆን የምትገፊው ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በረዶው ራሱ ነው የሚወስድሽ።

ስለዚህ ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ አንዳንድ ነገር ይሻሻላል። መዞር ይቀልላል፣ ዓይን ይፈጥናል፣ ቅብብሉ ያምራል። ከባድ ነገር የማንሳት ጉልበትና የመዝለል ኃይል ግን በረዶ ላይ በቂ ቀለብ አያገኙም። ካልነካሻቸው ቀስ ብለው ይሸሻሉ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናቸው። አካሄድሽ እያማረ ስለሚሄድ መውረዱን አታዪውም።

ሁሉም በአንድ ፍጥነት አይወርድም። የልብና የሳንባ ብቃት ቸኩሎ ይሄዳል። ጨርሶ ሥልጠና ካቆምሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ የደምሽ ፈሳሽ መጠን መቀነስ ይጀምራል፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ትንፋሽሽ ራሱ ይነግርሻል። የጡንቻ ጉልበት ታጋሽ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ፍጥነት ደግሞ ለድካም ስስ ነው። ሳይጠፋ መደበቅ የሚወደው እሱ ነው።

ወቅቱም እየረዘመ ነው። የሰሜን አሜሪካው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ፒደብሊውኤችኤል፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሲጀምር እያንዳንዱ ቡድን 24 ጨዋታ ነበረው። በሁለተኛው ዓመት 30 ሆነ። ፍልሚያውም ከብዷል። የስዊድን የሴቶች ከፍተኛ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሰውነት መግጨትን ፈቅዷል። ጥር ላይ ጉልበት ያነሳት ተጫዋች ዋጋውን የምትከፍለው በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ጥግ ስትገፋም ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበልሽ። ኢንተርኔት ላይ «ጥሩ የሆኪ ተጫዋች ይህን ያህል ይዘላል» የሚለው ሰንጠረዥ አብዛኛው ከወንዶች የተወሰደ ነው። እርሺው። ራስሽን የምታወዳድሪው ካለፈው ወር አንቺ ጋር ነው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን አንድ ወረቀት ላይ አውጪው

ጨዋታዎቹን፣ ጉዞውን፣ የትምህርት ቤት ፈተናሽን፣ የፈረንጆቹን የዓመት መጨረሻ እረፍት፣ የጥሎ ማለፉን ቀን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጻፊ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ጨዋታ የተደራረበበትን ቦታ በቀይ ክበቢ። ሁለት ሳምንት ባዶ የሆነበትን ደግሞ በሰማያዊ። ቀዩ ላይ ብቃት ይደበቃል፣ ሰማያዊው ላይ ይጠፋል። ለጊዜው ይህ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ጥቂት መለኪያ ምረጪ፣ ግን አትልቀቂው

ሃያ ፈተና ያለው ቡድን አይቻለሁ። ህዳር ላይ ሁሉም ቆሟል። በሳምንት አሥር ደቂቃ የሚወስዱ ሁለት መለኪያዎች፣ በወቅቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ የሚደረጉ ሌሎች ሁለት። በቃ።

ዝላይ። የየሳምንቱ ነው። ከሁሉም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም እግር ሲደክምም ጉልበት ሲያጣም ያሳብቃል። ስልክ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ስልኩን ከጫማሽ ፊት መሬት ላይ አቁሚና በስሎው ሞሽን ቅረጪ። ብዙ ስልኮች በሰከንድ 240 ፍሬም ይቀርጻሉ። ጥቂት ተሟሙቂ። እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ፣ ዝቅ በዪና ባለሽ ኃይል ወደ ላይ ዝለዪ። ስትወርጂ እግርሽ ቀጥ ብሎ መሬት ይንካ፣ ጉልበትሽ የሚታጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። አየር ላይ እያለሽ ካጠፍሽው መሬት ለመንካት ትዘገያለሽ፤ ቁጥሩም ይዋሻል።

አሁን ቪዲዮውን ከፍተሽ እግርሽ መሬቱን የለቀቀበትን ፍሬም ፈልጊ። መልሶ የነካበትንም እንዲሁ። በመካከል ያሉትን ቁጠሪ። 118 ሆነ እንበል። 118 ለ240 ሲካፈል 0.4917 ሰከንድ ነው። ይህን በራሱ አባዢ፣ ውጤቱን ደግሞ በ122.6 አባዢ። 29.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 122.6 ከሰማይ አልወረደም፤ የመሬት ስበት 9.81 ለ8 ተካፍሎ ወደ ሴንቲ ሜትር የተቀየረ ነው። ሒሳብ የሚያስጠላሽ ከሆነ ይህን የሚሠሩ አፖች አሉ። አንድ ፍሬም ብትስቺ ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና አትጨነቂ። ሦስት ጊዜ ዘለሽ ከፍተኛውን ጻፊ።

የብሽሽት ጭምቂያ። ይህም የየሳምንቱ ነው። በረዶ ላይ እግርሽ የሚገፋው ወደ ጎን ነው። የተዘረጋውን እግር የሚያቆመውና የሚመልሰው የውስጥ ጭን ጡንቻ ነው። በአንድ ልምምድ ስንት ጊዜ እንደሚመልሰው አስቢው። ለዚህም ነው ብሽሽት የሆኪ ተጫዋች ደካማ ጎን የሆነው። በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ ፈልጊ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጨርቁን ጠቅልለሽ በጉልበቶችሽ መካከል አድርጊና ጥቂት ንፊው። ከዚያ ባለሽ ኃይል ጨምቂ። መርፌው የደረሰበትን ጻፊ። ካመመሽ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ጎኑ ላይ ጻፊ። ቁጥሩ ከወረደና ሕመሙ ከወጣ ልምምዱን ቀንሰሽ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አማክሪ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ብሽሽት አንዴ ከተቆረጠ ወቅቱን ይዞ ይሄዳል።

አጭር ሩጫ በረዶ ላይ። ከግብ መስመር እስከ ቅርቡ ሰማያዊ መስመር፣ ቆሞ ከመነሳት። በአብዛኛው ሜዳ 19 ሜትር አካባቢ ነው። ይህም በስልክ ይቀረጻል። ግን ተጠንቀቂ። የበረዶ ጫማሽ ምላጭ ከተሳለ ስንት ቀን ሆነው? በረዶው አሁን የተስተካከለ ነው ወይስ ሌላ ቡድን ሲያርሰው የቆየ? ሙሉ ትጥቅ ለብሰሻል? እነዚህን ሦስቱን ካልጻፍሽ እግርሽን ለካሁ ብለሽ ምላጩን ነው የለካሽው።

ተደጋጋሚ ሩጫ። ከአንዱ ግብ መስመር እስከ ሌላኛው ሄዶ መመለስ፣ ስድስት ጊዜ፣ በየ40 ሰከንዱ መነሳት። የመጀመሪያው 15.8 ሰከንድ፣ የመጨረሻው 17.1 ከሆነ 8 በመቶ ያህል ወርደሻል ማለት ነው። የመጀመሪያው ፍጥነትሽን ይነግርሻል፤ ልዩነቱ ደግሞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ምን እንደምትመስዪ። ያደክማል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ አይሆንም። በወቅቱ መጀመሪያ፣ ህዳር፣ ከዓመት መጨረሻው እረፍት በኋላ፣ ምናልባት አንዴ ከጥሎ ማለፉ ሦስት ሳምንት በፊት። አጭሩ ሩጫም በዚያው ቀን ይለካ።

ደረጃ 3፦ ተራውን መዋዠቅ ለዪው

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ማንም ሰው በየቀኑ እኩል አይዘልም። ወቅቱ ሲጀምር፣ ሳትደክሚ፣ በአምስት የተለያዩ ቀናት ዝለዪ። 29.6፣ 30.1፣ 28.9፣ 29.8፣ 30.4 መጣ እንበል። አማካዩ 29.8 ያህል ነው። ከታችኛው እስከ ላይኛው 1.5 ሴንቲ ሜትር አለ። ይህ የአንቺ ተራ መዋዠቅ ነው። እንግዲህ አንድ ማክሰኞ 29.0 ብትዘዪ ምንም አልሆነም፤ ሻይሽን ጠጪ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ 27.5 ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ።

በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለኪ። ቅዳሜ ጨዋታ ካለሽ እሑድ አትለኪ። ማክሰኞ ከልምምድ በፊት ጥሩ ሰዓት ነው።

ደረጃ 4፦ ጫናውን መዝግቢ

መዝለል «ምን ሆነ» ይላል። «ለምን» የሚለውን የሚመልሰው ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ ወይም ጨዋታ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ከ10 ስንት ከበደኝ? መልሱን በደቂቃው አባዢ። ለጨዋታ አንዳንዶች በረዶ ላይ የቆዩበትን ብቻ ይቆጥራሉ። እኔ ከማሟሟቂያ እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ እወስዳለሁ። የፈለግሽውን ምረጪ፣ መሀል ላይ ግን አትቀያይሪ።

አንድ ሳምንት እንይ። ሰኞ ልምምድ 75 ደቂቃ፣ ክብደቱ 4፣ ስለዚህ 300። ማክሰኞ ልምምድ 75 በ6፣ 450፤ ጂም 40 በ6፣ 240። ረቡዕ 75 በ5፣ 375። ሐሙስ ቀላል ልምምድ 60 በ3፣ 180፤ ጂም 30 በ5፣ 150። ዓርብ ጨዋታ 120 በ7፣ 840። ቅዳሜ ጨዋታ 120 በ8፣ 960። እሑድ እረፍት። ድምሩ 3495።

ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ጨዋታዎች ብቻቸውን 1800 ናቸው፤ ከግማሽ በላይ። አሁን በአራተኛው መስመር፣ ማለትም ከሁሉም ያነሰ ደቂቃ በሚጫወተው የአጥቂዎች ቡድን፣ የምትሰለፈውን ጓደኛሽን አስቢ። ያው ልምምድ፣ ያው ጂም። ጨዋታው ላይ ግን ሺፍቷ ጥቂት ነው፣ 3 ትላለች። 360 እና 360። ሳምንቷ 2415። በአራት ሳምንት ከአንቺ በ4320 ታንሳለች። አንድ ማሊያ፣ አንድ አውቶቡስ፣ ሁለት የተለያየ ወቅት።

ደረጃ 5፦ ጠፋ ወይስ ተደበቀ?

ጥር ነው እንበል። አንዲት ዋና ተከላካይና አንዲት የአራተኛ መስመር አጥቂ ሁለቱም 29.8 ይዘሉ ነበር። አሁን ሁለቱም 27.5 ናቸው። ሰሌዳው ላይ እኩል ናቸው። አሰልጣኙ «ሁለታችሁም ጂም ጨምሩ» ቢል አንዷን ያድናል፣ አንዷን ይሰብራል።

ማስታወሻውን ክፈቺ። የተከላካይዋ ጫና ለሦስት ሳምንት 3500 አካባቢ ነው። እንቅልፏ ቀንሷል፣ ጠዋት ስትነሳ እግሯ ከባድ ነው፣ በትንሹ ትቆጣለች። የአጥቂዋ 2400 ነው። በደንብ ትተኛለች። እንዲያውም ወንበሩ ሰልችቷታል።

ከዚያ ለማረጋገጥ፦ ሦስት ቀን ቀለል አድርጊ። ጨርሶ መተኛት አይደለም። በረዶ ላይ አጭርና ፈጣን ነገር፣ ከባድ ጂም የለም፣ በየሌሊቱ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል አልጋ ላይ መቆየት። ከዚያ መልሰሽ ለኪ። ተከላካይዋ 29.5 ከመጣላት ተደብቆ ነበር፤ መድኃኒቷ እረፍት ነው። አጥቂዋ 27.6 ላይ ከቀረች ጠፍቷል፤ መድኃኒቷ ብረት ማንሳት ነው።

የማይመለስም አለ። አርፈሻል፣ ሠርተሻል፣ ቁጥሩ አልተነሳም። ያኔ ወደ ደረጃ 8 ሂጂ፤ ነገሩ እግር ላይ ላይሆን ይችላል። ጭንቅላትሽ ተመቶ ከዚያ ወዲህ ካልተመቸሽ ደግሞ ይህን ሁሉ መለኪያ ተዪው። ለሐኪም ሳትታዪ ወደ በረዶው አትመለሺ።

ደረጃ 6፦ ጂሙን አሳንሺው፣ ክብደቱን ግን አትንኪ

ወቅቱ ሲጀምር አብዛኛዋ ተጫዋች የምትሠራው ስህተት አንድ ነው። ጂም አትተውም፤ ታቀለዋለች። ትንሽ ክብደት ይዛ 15 ጊዜ፣ 20 ጊዜ ትሠራለች። ላብ አለ፣ ቃጠሎ አለ፣ ጉልበት ግን የለም። ማድረግ ያለባት ተቃራኒውን ነው። የተገነባ ጉልበት በጣም በትንሽ ሥራ ይቆያል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከድሮው ብዛት ሲሶው ያህል። ቅድመ ሁኔታው ክብደቱ አለመውረዱ ነው።

ዓርብና ቅዳሜ ለሚጫወት ቡድን እንዲህ ይሆናል። ማክሰኞ ዋናው ቀን ነው። አራት ዝላይ ሦስት ዙር፣ በመካከል በቂ እረፍት። ቀጥሎ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ዝቅ ብሎ መነሳት) ወይም ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ሦስት ዙር፣ በዙር ሦስት ጊዜ፣ አንዴ ብቻ ልታነሺው ከምትችዪው 80 እስከ 85 በመቶ። ቀጥሎ በአንድ እግር ስኳት፣ ሁለት ዙር በስድስት። ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) ሦስት ዙር። መጨረሻ ላይ የኮፐንሃገን ልምምድ፦ በጎን ተኝተሽ የላይኛውን እግር ወንበር ላይ ታሳርፊና በውስጥ ጭንሽ ሰውነትሽን ታነሺያለሽ። ለእያንዳንዱ ጎን ስድስት ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ያማርራል፣ አውቃለሁ። ብሽሽትሽን ከሚጠብቁት ልምምዶች ግን ከእሱ የምመርጠው የለም። ለጀማሪ ከቁርጭምጭሚት ይልቅ ጉልበት ስር ወንበሩን አድርጊ፤ ይቀልላል።

ሐሙስ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ዝላይ፣ ቀላል ክብደት በፍጥነት ማንሳት፣ ለኋላ ጭን አንድ ነገር፣ ለአንገትና ለትከሻ ሁለት ዙር። ከጂም ስትወጪ ከገባሽበት የበለጠ ንቁ ካልሆንሽ አብዝተሻል።

ጨዋታ በተደራረበበት ቀዩ ሳምንት የሐሙሱን ተዪው። የማክሰኞውን አትተዪ። ስኳቱን ከሦስት ዙር ወደ ሁለት አውርጂው እንጂ ብረቱ ያው ይሁን።

ደረጃ 7፦ ወንበር ለምታሞቂው

ይህ ክፍል የሚጻፍላት የለም። በጨዋታ ስድስት ደቂቃ የምታገኝ ተጫዋች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትወርዳለች። ከዚያ የካቲት ላይ አንዷ ትጎዳና «ግቢ» ትባላለች። ትገባለች፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ትንፋሿ ያልቃል፣ «አየሽ፣ ለዚህ ነው የማትሰለፈው» ይባላል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚሞላ ጉድለት ነው።

ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ ወይም ሰኞ ልምምድ ሲያልቅ 15 ደቂቃ በረዶ ለምኚ። ስምንት ጊዜ፣ በየጊዜው 35 ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይል፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል እረፍት። የሺፍት ዓይነት ሥራ ነው። በረዶ ካልተገኘ ብስክሌት ላይ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ፣ ማውራት በማትችዪበት ፍጥነት፣ በመካከል ሦስት ደቂቃ ቀላል። በየአሥር ቀኑ አንዴ ይህ ቢገባ ትንፋሽሽ ይቆያል። ጫናው መዝገብ ላይም ይግባ።

በረኛ ከሆንሽ የአንቺ ነገር ሌላ ነው። ጨዋታው ላይ ትንፋሽሽ ላያልቅ ይችላል፤ ዳሌና ብሽሽትሽ ግን ከሁሉም በላይ ይሠራሉ። ከዝላዩ ይልቅ ጭምቂያውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለኪ።

ደረጃ 8፦ ምግብ፣ ደም፣ የወር አበባ

ቁጥርሽ ከወረደ፣ እረፍትም ሥራም ካልመለሰው፣ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ትበያለሽ ወይ ነው። ልምምድ ማታ፣ ትምህርት ወይም ሥራ ቀን፣ ጉዞ ቅዳሜ። ምግብ ሳይታሰብ ይጎድላል። ሆን ብላ የምትቀንስም አለች። ሰውነት የሚገባው ኃይል ከሚወጣው ሲያንስበት ቁጠባ ይጀምራል፤ ከአጥንት፣ ከሆርሞን፣ ከመከላከያ አቅም ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ስም አውጥቶለታል፤ ሬድስ ይባላል።

ቀድሞ የሚታየው ምልክት ብዙ ጊዜ የወር አበባ ነው። መዘግየቱን ወይም መቅረቱን «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው» ብለሽ አትለፊው። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ጋር ሂጂ፤ ቀጠሮ ስትይዢ ስፖርተኛ መሆንሽንም ተናገሪ። አንድ ማሳሰቢያ፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ በየወሩ የሚመጣው ደም ስለ ጤንነትሽ የሚናገረው ነገር የለም። እንክብሉ ነው የሚያመጣው። ያኔ ሌላ ምልክት ፈልጊ፤ ተደጋጋሚ ጉንፋን፣ የማይድን የአጥንት ሕመም፣ ሁልጊዜ መብረድ።

የወር አበባ ቀንሽን ከዝላይሽ ጎን መዝግቢ። በእነዚህ ቀናት ትደክማለሽ፣ በእነዚያ ትበረቺያለሽ የሚል ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ግን የለም። ከሰው ሰው ይለያያል። ሦስት ወር መዝግበሽ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን የሚወርድ ከሆነ ያንቺ ጠባይ ነው፤ ለመለካት ሌላ ቀን ምረጪ እንጂ አትደንግጪ።

ሁለተኛው ደም ነው። የብረት ማዕድን እጥረት በሴት ስፖርተኞች ላይ በብዛት ይታያል። ምልክቱ ደግሞ ያው የወቅት ድካም ይመስላል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ተደጋጋሚ ሩጫው ይወርዳል፣ ዝላዩ ግን ብዙም ላይነካ ይችላል። ወቅቱ ሲጀምርና ጥር ላይ ደምሽን ስትሰጪ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው) ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም እንዲታይልሽ ጠይቂ። ፌሪቲን የተከማቸውን የብረት ማዕድን ያሳያል፤ ሄሞግሎቢን ገና ደህና እያለ እሱ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ከ30 ማይክሮግራም በሊትር በታች ሲሆን ዝም አይሉም። ሳትመረመሪ የብረት ማዕድን እንክብል አትግዢ፤ ብረት ሲበዛም ይጎዳል።

ሦስተኛው ሳል ነው። ከጨዋታ በኋላ የመልበሻ ክፍሉ ሙሉ ሲስል ሰምተሽ ይሆናል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር ቧንቧን ያጠባል። በነዳጅ የሚሠራ የበረዶ ማስተካከያ መኪና ያለበት አዳራሽ ከሆነ ጭሱ ይጨመርበታል። ደረትሽ የሚያፍን ከሆነ ተመርመሪ። ሁሉም ስለሚስል ብቻ ጤናማ ሳል አይሆንም።

ደረጃ 9፦ የዓመት መጨረሻው እረፍት

አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት። ጉልበትሽ እንደማይጠፋ ከላይ አይተናል፤ ስለዚህ ጂም ካልተመቸሽ አይጨንቅሽ። መጀመሪያ የሚሄደው ትንፋሽ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ያቺን አራት በአራት ደቂቃ ሥራ ሥሪ፣ በሩጫም በብስክሌትም ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም አትሥሪ፤ ተኚ፣ ብዪ። እስከዚያ ቀን ድረስ የተደበቀው ብዙ ነውና።

ስትመለሺ ግን አትቸኩዪ። ብሽሽት ከሁለት ሳምንት ዕረፍት በኋላ በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት በረዶ አይወድም። የመጀመሪያው ሳምንት ጫና ከእረፍቱ በፊት ከነበረው ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ይበቃል።

ደረጃ 10፦ ከጥሎ ማለፉ በፊት

እዚህ ላይ አዲስ ነገር አትጀምሪ። አዲስ ጫማም፣ አዲስ ልምምድም፣ ጓደኛሽ ያመጣችው «ኃይል ሰጪ» ዱቄትም አያስፈልግሽም። ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሲቀር የሥራውን ብዛት በግማሽ ገደማ ቀንሺ። ፍጥነቱን አትቀንሺ። 75 ደቂቃው 45 ይሁን፣ ሩጫው ግን ሙሉ ኃይል ይሁን። የማክሰኞው ስኳት ሁለት ዙር ይሁን፣ ብረቱ ያው። ብዙ ቡድን የሚያጠፋው ተቃራኒውን ሲያደርግ ነው፤ ረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ ይለማመዳል፣ ተጫዋቾቹም ደካማና ቀርፋፋ ሆነው ይገባሉ።

ዝላይሽን እዪው። በደንብ ካረፍሽ ወደ መስከረሙ ቁጥር ይጠጋል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። የመስከረሙን ቁጥር ካለፈ፣ ሲደበቅ የከረመው ወጣ ማለት ነው። ካልደረሰ ደግሞ መጋቢት ላይ የምታደርጊው ብዙ ነገር የለም። ምክንያቱ ታህሳስ ላይ የተተወው የማክሰኞ ጂም ነው።

ወቅቱ ካለቀ በኋላ

በሳምንቱ ውስጥ፣ ገና ቁስልሽ ሳይድን፣ አራቱንም መለኪያ አንዴ አድርጊ። ማንም አይወደውም፤ ሁሉም ለእረፍት ቸኩሏል። ያቺ ቁጥር ግን የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ትወስናለች። ዝላይ ወርዶ ትንፋሽ ካልወረደ የእረፍቱ ወራት ሥራሽ ብረት ማንሳት ነው። ትንፋሽ ወርዶ ዝላይ ካለ ብስክሌቱን አውጪ። ብሽሽት ብቻ ከወረደ ወንበሯን አምጪና ኮፐንሃገኑን ከጉልበት ጀምሪ። ከዚያ ሁለት ሳምንት የበረዶ ጫማሽን አትንኪው፤ መጀመሪያ ግን ምላጩን አድርቂው፣ አለበለዚያ ዝጎ ይጠብቅሻል።